የትምህርቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ሲዘጋጅ መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ የመንግሥት ፖሊሲ በትምህርት፣ በድህነትና በኑሮ ልዩነት ላይ ምን ያመጣል የሚል። ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት እዘልቀዋለሁ ብዬ አልመጣሁም። የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው። መንግሥት ስለ ትምህርት በወሰነ ቁጥር ወጪው በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍም አብሮ ይወስናል። አንዳንዴ አውቆ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳያስበው ነው። በሀብታምና በድኻ ልጅ መካከል ያለው ርቀት የሚሰፋውም የሚጠበውም ከትምህርት ቤቱ ብዛት ይልቅ በዚህ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ።

ይህን ለማሳየት መጀመሪያ በ1966 ስለ ወደቀ አንድ የትምህርት ዕቅድ ዘርዘር አድርጌ አወራለሁ። ቀጥዬ ወደ 1986ቱ ፖሊሲና ዛሬ ወዳለንበት እመጣለሁ። በመጨረሻም የትምህርት ስም ሳይኖራቸው ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያስገቡ ወይም የሚያስቀሩ ውሳኔዎችን አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ትምህርትን ላስፋፋ ሲል ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። በ1940 ገደማ መልሱ በአዋጅ ወጣ፤ በገጠር መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ሐሳቡ ክፋት የለበትም። ገበሬው ይከፍላል፣ በከፈለው ገንዘብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ግን በአመዛኙ ከተማ ላይ ነው፤ መንገዱም መምህሩም እዚያ ነበርና። ባላገሩ ግብሩን በየዓመቱ ይገብራል፣ ልጁ ከብት ይጠብቃል። «ገጠሬው ይክፈል፣ ከተሜው ይማር» ብሎ የደነገገ ሰው አልነበረም። ውጤቱ ግን ይኸው ነበር። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ በ1960ዎቹ መግቢያ፣ ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ ከደረሰ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት ከመቶ ሃያ አይሞሉም ነበር።

«ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚታወቀው ጥናት በ1964 የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዩኔስኮ፣ ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው የአገሪቱን ትምህርት ከሥር እስከ ላይ መረመሩ። የደረሱበት ስሌት ጨዋ ስሌት ነበር። ባለው አካሄድ ከቀጠልን ልጆቻችንን ሁሉ ለማስተማር ትውልዶች ያልፋሉ፤ ስለዚህ ላይኛውን እርከን ገታ እናድርግ፣ ከዚያ የሚተርፈውን ገንዘብ ወደ ታች እናውርድ፣ ለሁሉም ልጅ፣ በተለይ ለገጠሩ፣ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንስጥ፣ ትምህርቱም ከእርሻና ከዕለት ኑሮ ጋር ይያያዝ የሚል ነው። በወረቀት ላይ ስናየው፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ከወጡት ዕቅዶች እንደዚህ ለድኻው ያደላ አላውቅም።

ታዲያ ማን ጣለው? መኳንንቱ አይደሉም። መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች ናቸው የጣሉት። የመምህራን ማኅበር የካቲት 11 ቀን 1966 የሥራ ማቆም አድማ መታ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ሥራ አቆሙ። መንግሥት ደንግጦ ዕቅዱን አቆየው፤ ወሩ ሳይወጣም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

የዘመኑን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ይህችን ነገር ሲደርሱባት ብዙ ጊዜ ዘለል አድርገዋት ያልፋሉ፤ ወይም «ሕዝቡ አልገባውም ነበር» ይላሉ። እኔ ሕዝቡ በደንብ ገብቶት ነበር እላለሁ። መምህራኑ የራሳቸው የደመወዝ ቅሬታ ነበራቸው፣ እርሱ አይካድም። ወላጁ ያሰላው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ስምንተኛን ወይም ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ ማለት ጸሐፊ፣ ነርስ ወይም መምህር ሆነ ማለት ነበር። በወር ደመወዙ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ ለአባቱ ግብር ይከፍላል፣ ለእናቱ ጋቢ ይገዛል። ቤተሰቡ ለዚህች ዕድል ሲል በሬ ሸጦ ልጁን ከተማ ዘመድ ቤት ያስጠጋዋል። ልጁም ውኃ እየቀዳ፣ እየተላላከ፣ ማታ በኩራዝ እያጠና ይማራል። ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ከመቶው ለአንዱ ቢደርስ ነው። ቢሆንም አለ።

አሁን አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል የሚለው ወሬ ለዚህ አባት ሲደርሰው ምን ብሎ ይስማው? ልጁ በዐሥራ አንድ ወይም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ሞፈርና ቀንበሩ ይመለሳል። የባለሥልጣኑና የነጋዴው ልጅ ግን በየትኛውም ዕቅድ አራተኛ ላይ አይቆምም፤ ከፍሎ ይቀጥላል፣ ካልሆነም ውጭ አገር ይላካል። ላይኛው እርከን ይገታ ሲባል የሚገታው ማን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ገብቶታል። የዕቅድ አውጪው ስሌት የአገሪቱን አማካይ ልጅ የሚመለከት ነው። የአባትየው ስሌት ስለ አንድ ልጅ ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ነገር ግን ዕቅዱ የእኩልነትን ዋጋ በቅድሚያ እንዲከፍል የጠየቀው ድኻውን ነበር። መምህሩንና ወላጁን ደግሞ ቀድሞ ያማከረ አልነበረም። አማክሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት «አራቱን ዓመት ለሁሉም ስጡ፣ ከአራት በላይ ላለው ደግሞ ከየወረዳው ለጎበዙ የድኻ ልጅ ቦታ ያዙለት» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ይህን የምለው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተቀምጬ ስለሆነ ቀላል ይመስላል።

ደርግ የሠራውን በአጭሩ ልለፈው። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አስተምሯል፤ ሽማግሌዎች በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን መፈረም የጀመሩበት ዘመን ነው። ትምህርት ቤቶችም ተስፋፍተዋል። በጦርነቱና በሽግግሩ ግርግር ግን የተማሪው ቁጥር መልሶ አሽቆለቆለ።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ የትምህርት ክፍያን አስቀረ። በ1987 በአንደኛ ደረጃ የነበሩት ተማሪዎች 3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2001 ከ15 ሚሊዮን አልፈዋል። በዐሥራ አራት ዓመት አምስት እጥፍ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ የሚያላግጥ ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም። ከቤተሰቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል የቆጠረች ልጅ የሌለችበት የገጠር መንደር ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ይህን ያመጣው ያ ውሳኔ ነው።

ክፍያው ቢቀርም ወጪው አልቀረም፤ ከፋዩ ተቀየረ እንጂ። መስከረም ላይ የምዝገባ ሰሞን አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ብትቆሙ ታዩታላችሁ። እናት ልጇን ይዛ መጥታለች። የትምህርት ክፍያ የለም፤ ነገር ግን የጥበቃ ደመወዝ አለ፣ የዴስክ ማሠሪያ አለ፣ የመማሪያ ክፍል ማስፋፊያ አለ። ስሙ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ነው፣ በወላጆች ስብሰባ እጅ ወጥቶ የጸደቀ ነው፤ እጇን ያላወጣች እናትም ትከፍላለች። ከዚያ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ አለ። ሦስት ልጅ ያላት ሴት በዚያ ሳምንት ዶሮ ትሸጣለች፤ ዶሮ ከሌላት ትበደራለች፤ አበዳሪ ካጣች አንደኛው ልጅ «የሚቀጥለው ዓመት ይገባል» ይባላል። በብዙ ቤት ያ አንደኛው ልጅ ሴቷ ናት።

ርእሰ መምህሩን እንዳንወቅስ የእርሱንም ደብተር እንየው። የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ ማጓጓዣ፣ ለተሰበረ በር የሚሆን እምብዛም አይተርፍም። ይህን ለመድፈን በ2001 የተጀመረው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ድጎማ ይሰጥ ጀመር፤ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ በዓመት 50 ብር። ገንዘቡ ሲጀመር ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ለብዙ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የሚያዙበት የመጀመሪያው በጀት እርሱ ነው። ብሩ ሲረክስ ግን እፎይታው አብሮ ቀለለ። በሌላ በኩል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ 22 ብር ነበር። የሁለቱ ቁጥሮች ዓመት ስለሚለያይ አንዱን በሌላው ላይ አስቀምጦ መፍረድ ትንሽ ያዳላል፤ ቢሆንም አንድ የገጠር ልጅ ለዓመት ይደርሰው የነበረው ድጎማ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሦስት ቀን አያበላም ነበር። የዩኒቨርሲቲው ልጅ ጠግቦ ያድራል ማለቴ አይደለም፤ በ22 ብር ምን እንደሚበላ የሚያውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። እኔ የምለው ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ማነው ነው። የ1995ቱ የወጪ መጋራት ደንብ ተመራቂው ከደመወዙ እየቆረጠ እንዲመልስ ያደርጋል፤ ተገቢ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠው ልጅ ቤተሰብ ግን በገዛው ጨውና ስኳር ላይ ግብር ከፍሎ ያንን ዶርም አብሮ ሠርቷል። ከ1940ው የመሬት ግብር ብዙም አልራቅንም።

ተማሪው አምስት እጥፍ ሲሆን መምህሩና ክፍሉ በዚያው ልክ አላደጉም። ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ ይታጎራል፤ ትምህርት ቤቱ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ይከፈላል። በ2002 በተደረገው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እዚህ ላይ ነው አቅም ያለው ወላጅ መንገዱን የሚቀይረው። ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይወስዳል፣ ማታ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ያስገባል። የጥራቱ ወጪ በዚህ መንገድ በዝምታ ከመንግሥት ካዝና ወደ ወላጅ ኪስ ተሻገረ። ኪስ የሌለው ወላጅ ልጅ ከክፍል ክፍል ይዛወራል፤ ምን ያህል እንዳወቀ የሚነግረው የለም።

የነገረው የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ፣ ኩረጃው ተዘጋ፣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ሆኑ። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ኩረጃን መዝጋቱ ትክክል ነበር፤ ወደፊትም ላላ እንዲል አልሻም። ነገር ግን ሚዛን ማስተካከል እህል አይጨምርም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ሙከራ ያላየ፣ መጽሐፍ ለሦስት የተካፈለ ልጅ በጥቂት ቀን ፈተና የዚያን ሁሉ ዕዳ ብቻውን ከፈለ። አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ላይ ግን ያን ያህል የበረታ ጥያቄ አልተነሣም። የማካካሻው የሪሜዲያል ትምህርትም የጀመረው ከላይ፣ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው፤ ጉድለቱ የተፈጠረው ሁለተኛ ክፍል ላይ ሆኖ ሳለ።

ወጪው ወደ መንግሥት ሲመለስ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለን፤ የአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ። በ2012 የትምህርት ዘመን ከተማዋ በራሷ በጀት ልጆችን ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረች፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ጨመረች። ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን መጥተው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ የሚደፉ ልጆችን ያስተማረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መጋቢ እናቶች የሚባሉት ሴቶችም፣ ብዙዎቹ ከዚያው ሰፈር ከዚያው ድህነት የመጡ፣ የሥራ ገቢ አገኙ። በአንድ ወጪ ሁለት ቤት ተነካ።

ግን ይህንንም ከነጥላው እንየው። አዲስ አበባ ይህን ማድረግ የቻለችው ገቢ ስላላት ነው። ግብር ከፋዩ፣ ነጋዴው፣ ሕንፃው እዚያ ነው። የራሱ ገቢ ደመወዝ ለማይሞላለት ቆላማ ወረዳ «አንተም አብላ» ማለት ቀልድ ነው። ጥሩ ፖሊሲ ሀብት ባለበት ቦታ ብቻ ሲሠራ በከተማው ውስጥ ያለውን ልዩነት ያጠባል፣ በከተማውና በገጠሩ መካከል ያለውን ግን ያሰፋል። መፍትሔው ከአዲስ አበባ ልጅ ፊት ሳህኑን ማንሣት አይደለም፤ ከፌዴራል የሚወርደው ገንዘብ ላይ ለምገባ የታሰረ ድርሻ እንዲኖር ማድረግ ነው። አስቸጋሪ ነው፣ ክልሎችም በበጀታቸው ላይ እጅ ሲገባ አይወዱም። ሆኖም ከዚህ ያነሰ ነገር የሚሠራ አይመስለኝም።

ወደ ሦስተኛውና አጠር ወደሚለው ክፍል ልምጣ። ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያቆዩ ውሳኔዎች ሁሉ ከትምህርት ሚኒስቴር አይወጡም። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ ሕጉ በየገጠሩ ምን ያህል እንደሚከበር ብንከራከርም፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ ሽማግሌ የመጣባት ልጅ «ሕግ አለ» ብላ ለመምህሯ የምትነግርበት መሠረት ሰጥቷታል። በ2008 የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱ ሴቶች ስምንተኛ ክፍል እንዲጨርሱ ጠየቀ። ዓላማው እነርሱን መጠበቅ ነበር። ቤተሰብ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አነበበበት፤ ስምንተኛ የትምህርት መንገድ አጋማሽ መሆኑ ቀርቶ የጉዞ ወረቀት ሆነ። ልጅቱ እስከ ስምንት ትማር ነበር፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት ዘጠነኛ ክፍል ሳይሆን ፓስፖርት ነበር። ፖሊሲ አውጪ በሰው ቤት ያለውን ስሌት ሳያውቅ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ነገር ይከሠታል።

ትንሽ ቆም ማለት የምፈልገው ሴፍቲኔት ላይ ነው። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የምግብ ዋስትና የሌላቸው ሰዎችን ይደግፋል። መሥራት የማይችሉት በቀጥታ ይረዳሉ፤ መሥራት የሚችሉት እርከን እየሠሩ፣ መንገድ እየጠረጉ ይከፈላቸዋል። ረኀብ ሲመጣ ከብት ሸጦ ልጅን ከትምህርት ማስወጣት በብዙ ቤት እንዲቀር ረድቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 3,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ልጆችን የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናት ግን ሌላውንም ገጽ አሳይቷል። ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ቤቶች ልጆች በትምህርታቸው ሲጠቀሙ፣ በጉልበት ሥራው የተሰማሩ ቤቶች ልጆች ላይ የሥራ ጫና ሊበዛ ይችላል።

ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያሻም። እናት ጠዋት እርከን ልትሠራ ስትወጣ ጡት የሚጠባው ልጅ ቤት ይቀራል፣ እንስራው ባዶ ነው፣ ጊደሯ ታስራለች። ይህን ሁሉ የሚሸፍን ሰው ከየት ይመጣል? የዐሥር ዓመቷ ልጅ አለች። የፈረቃ ተማሪ ከሆነች ጠዋት ቤት ትውላለች፣ ከሰዓት ደክሟት ክፍል ትገባለች። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲደርስ ደግሞ ወንድሞቿም ይጨመራሉ፤ የብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የስም መጥሪያ በዚያ ወር በቀሪ ምልክት ይሞላል። የትምህርት ዘመናችን አጨዳ መኖሩን የሰማ አይመስልም። መንግሥት ለቤተሰቡ የከፈለው ስንዴና ብር ከፊሉ የተገኘው ከዚህች ልጅ የትምህርት ሰዓት ነው።

የሚገርመው የፕሮግራሙ መመሪያ ይህን አስቀድሞ አስቦታል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ወጥታ በቀጥታ እንድትረዳ ይፈቅዳል። በሥራ ቦታው አጠገብ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር፣ ከሴቶቹ አንዷ ሕፃናቱን ብትጠብቅ ያ ቀን እንደ ሥራ ቀን እንዲቆጠርላትም ያዝዛል። ዳስና ውኃ፣ ከዚያ ውጭ ብዙ ወጪ የለውም። በብዙ ቦታ ግን ማቆያው የለም። ስለዚህ ከመካከላችሁ የወረዳ ምክር ቤት አባል የሆነ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በጀት ሲጸድቅ ሁለት ነገር ይጠይቅልኝ። የዘንድሮው የማኅበረሰብ ሥራ ዕቅድ ላይ የሕፃናት ጠባቂ መደብ ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ፣ እርከኑ በሚሠራበት ሰዓት ሕፃኑን የሚይዘው ማነው ተብሎ ታስቧል?